የአቶ ይጨመር ማዞሪያ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ገና ባዶ እያለ፣ የኮንሰርቱን ፕሮግራም በየወንበሩ ላይ ሳስቀምጥ አንድ ደግነት በዓይኔ አየሁ። አንድ ሽማግሌ ከአዳራሹ ጀርባ ወዳለው የድምፅ መቆጣጠሪያ ሄዱና ባለሙያዋን “የኔ ልጅ፣ የባሱን ድምፅ ትንሽ ጨምሪልኝ” አሏት። ሴትዮዋ የጆሮ ማዳመጫዋን ወደ አንገቷ አወረደች። ከብዙዎቹ ማዞሪያዎች አንዱን በሁለት ጣቷ ያዘችና፣ ልብ እንደሚቀድ ሐኪም ትንፋሿን ውጣ፣ በቀስታ አዞረችው።

“አሁንስ አባባ?”

መድረኩ ላይ አንዲት ልጅ ከቁመቷ የሚበልጥ፣ ወፍራም ድምፅ ያለው ባስ የሚባል መሣሪያ አቅፋ ክሮቹን እየቃኘች ነበር። ሽማግሌው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቆዩና “አሁን ልክ ሆነ፤ እግዜር ይስጥሽ” ብለው ወደ ፊት ረድፍ ሄዱ።

ትዕግሥቷን ላደንቅላት ጠጋ ስል፣ ከማዞሪያው ሥር የተለጠፈች ነጭ ፕላስተር አየሁ። በእስክሪብቶ “አባባ” ተብሎ ተጽፎባታል።

“ይሄ የምንድን ነው?” አልኳት።

“የእሳቸው ነዋ” አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “ሽቦ የለውም፤ ከምንም ጋር አይገናኝም። ልጃቸው አንደኛ ዓመት ከገባች ጀምሮ በየኮንሰርቱ ይመጣሉ፣ እኔም በየኮንሰርቱ አዞርላቸዋለሁ። የእውነት ብጨምርማ ጣሪያው ይወርድብናል።”

ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ሁሉ እኚህ ሰው አሉ። እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። ተናጋሪው ጉሮሮውን ጠርጎ አፉን ከመክፈቱ “ድምፅ ይጨመርልን” የሚሉት ናቸው። ሰብሳቢው ሊቀር ይችላል፣ መብራት ሊጠፋ ይችላል፤ እሳቸው ግን አይቀሩም። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝና፣ ዓለም ስትፈጠር ቢኖሩ ኖሮ “ብርሃኑ ደህና ነው፣ ድምፅ ይጨመርልን” ባሉ ነበር። ለእኛው ሽማግሌ እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ቢሆንም፣ በሰፈር የሚታወቁት ክቡር አቶ ይጨመር በሚለው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ እህል በወፍጮ ሲፈጩ፣ የወፍጮውን ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው።

ክቡርነታቸው ሁልጊዜ የሚቀመጡት ፊት ረድፍ ነው። አቤቱታቸውን የሚያቀርቡት ግን ሁልጊዜ ከኋላ ስላሉት ሰዎች ነው። አንድ እሑድ ሰባኪው “አሁን ለጥቂት ጊዜ በዝምታ እንጸልይ” አሉ። ጎንበስ አልን። ወዲያው ከፊት “ድምፅ ይጨመርልን” የሚል መጣ። ሰባኪው ዓይናቸውን ገልጠው “አባቴ፣ በዝምታ እየጸለይን ነው” አሏቸው። አቶ ይጨመር የሰባኪውን አፍ አይተው ጥቂት አሰቡና “እሱም ቢሆን ከኋላ ላሉት አይደርስም” አሉ። ያን ዕለት ጉባኤው አሜን ያለው ሳቁን አፍኖ ነው።

የሰፈሩ የውኃ ኮሚቴ ሰብሳቢም አይረሳቸውም። ቧንቧው ለጥገና እንደሚዘጋ የምትናገረዋን ዓረፍተ ነገር ጢሙ ውስጥ ቀብሮ ሊያልፋት ነበር። “ድምፅ ይጨመርልን።” ደገማት። “ለኋለኞቹ” አሉ አቶ ይጨመር። ሦስተኛ ጊዜ ጮክ ብሎ ሲናገራት ነገሩ ለራሱም አስደነገጠው መሰለኝ፣ “እስቲ በድጋሚ እናየዋለን” ብሎ ተቀመጠ። ቧንቧው አልተዘጋም።

አንድ ጊዜ ደግሞ ቀብር ላይ ነበርን። የሟች ልጅ የአባቱን የሕይወት ታሪክ ሊያነብ ተነሥቶ ድምፁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። እሳቸው ግን እዚያም አሉት፤ “ድምፅ ይጨመርልን።” እኔ እንኳ አፈርኩባቸው። ልጁ ቀና ብሎ አያቸው፣ ደረቱን ሞላ፣ ጮክ ብሎ ጀመረ። ጮክ ሲል ድምፁ ረጋ፤ ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው አነበበ። በኋላ እናትየዋ እጃቸውን ይዘው “ልጄን ያቆሙልኝ እርስዎ ነዎት” ሲሏቸው ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ስስቅባቸው ትንሽ እጠነቀቃለሁ።

እኔ የዩኒቨርሲቲው ኮፒ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ትምህርቴን ገና በልጅነቴ አቋርጬ የቀረውን የተማርኩት ሰው ኮፒ ሊያስደርግ ከሚያመጣው ወረቀት ነው፤ ማሽኑ እስኪሞቅ አነባለሁ። ተመስገን፣ ማሽኑ አሮጌ ስለሆነ ቶሎ አይሞቅም። ጃዝንም ያወቅሁት እንዲሁ ነው፤ የኮንሰርቱን ፕሮግራም የማትመው እኔ ስለሆንኩ በነጻ እገባለሁ። መጀመሪያ ጊዜ ተጫዋቾቹ መድረክ ላይ የተጣሉ መስሎኝ ነበር። ኋላ ገባኝ። ሁሉም አብረው ይጀምራሉ፤ ከዚያ አንዱ ይነሣና ብቻውን የልቡን ይናገራል፣ ሌሎቹ ከሥር ሆነው ያጅቡታል፤ ሲጨርስ ይጨበጨብለትና ተራው ለሌላው ይደርሳል። ቤተሰብም እንዲህ ተራ ቢጠባበቅ እያልኩ እመኛለሁ።

አቶ ይጨመር ጃዝ ኮንሰርት ሲገቡ አቤቱታቸው ጠበበ። እዚያ የሚጨመረው ባሱ ብቻ ነው፤ የሌላው ሁሉ ቢቀነስ ግድ የላቸውም። የመለከት ተጫዋቹ እናት አንድ ቀን ሰለቻቸውና “ጋሼ፣ የኔም ልጅ እኮ እዚያ ላይ አለ” አሏቸው።

“ያንቺ ልጅ መለከት ነው የያዘው። እሱ ሳይነፋ እንኳ ጎረቤት ይሰማዋል።”

“የርስዎዋስ?”

“የኔዋ መሠረት ናት። ቤት አይተሽ መሠረቱን ያመሰገንሽበት ቀን አለ?”

ሴትዮዋ ፊታቸውን ወደ መድረኩ መለሱ። እኔም ያን ቀን ዘፈኑን ትቼ መሠረቱን ሳዳምጥ ዋልኩ።

ከቅዳሜው ኮንሰርት ሁለት ቀን በፊት አቶ ይጨመር ኮፒ ክፍል መጡ። ሰው ሲያናግራቸው አፍ አፉን የሚያዩ ሰው ናቸው፤ እኔ ሁልጊዜ ጥርሴ ላይ ምሳዬ የቀረ እየመሰለኝ እሳቀቃለሁ። የፕሮግራሙን ናሙና አነሡ፣ አራቁት፣ አቀረቡት።

“የልጄ ስም ይጨመር” አሉኝ።

“አለ እኮ ጋሼ። ይኸውልዎ፣ ‘ባስ’ ከሚለው ፊት።”

“መኖሩንማ አየሁ። ፊደሉ ይጨመር።”

“የሁሉም እኩል ነው። የእንግዶቹ ብቻ ነው ትንሽ ከፍ ያለው።”

“ከፍ ያለ ነገር እንደሚቻል ታውቃለህ ማለት ነው” አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከዚያ ሌላ ነገር ጀመሩ። ከተጋበዙት እንግዶች አንዱ ስመ ጥር የሳክስፎን ተጫዋች ነው። ልምምድ ላይ ልጅቷን ሰምቷት፣ ትምህርቷን ስትጨርስ ከባንዱ ጋር አገር ላገር እየዞረች እንድትጫወት ጠይቋታል። “መልሱን ከኮንሰርቱ በኋላ እሰጣለሁ ብላለች።”

“ታዲያ ትሄዳለቻ?”

“እናቷ ካረፈች ወዲህ እኔን ትታ የትም አድራ አታውቅም። በር ቆልፋ ትወጣና ተመልሳ መጥታ በሩን ቆልፌልሃለሁ ወይ ትለኛለች።” ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ። “እንድትሄድ እፈልጋለሁ። ከሄደች እንዴት እንደምትናፍቀኝ አልነግርህም። ግን እፈልጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ፣ አይደል?”

“ደህና ነዎት” አልኳቸው። እውነትም ደህና ይመስሉ ነበር። እሳቸውን የመሰለ ተናጋሪ ሰው ማንም ምን ሆነሃል ብሎ አይጠይቀውም።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። የጀማሪዎቹ ቡድን ተጫወተ፤ አንዱ ተማሪ መግቢያው ጠፍቶት ሌላው በክርኑ ጎሸም አደረገው፣ ሰዉም በፍቅር አጨበጨበ። አንዲት እንግዳ ፒያኖ ተጫዋች ከሁለተኛው ቡድን ጋር ተጫወተች። አቶ ይጨመር በየመሃሉ ወደ ኋላ ዞረው እጃቸውን ከፍ ከፍ ሲያደርጉ፣ የድምፅ ባለሙያዋ በአክብሮት ማዞሪያውን ታዞር ነበር። ሁሉም በቦታው ነው ብዬ ተደላድዬ ተቀመጥኩ።

በመጨረሻ ትልቁ ባንድ ከሳክስፎን ተጫዋቹ ጋር ወጣ። ሰውየው ሽበታም ነው፤ ሲነፋ የዘመድ ሞት እንደሚያረዳ ሰው እያባበለ ነው። ከዚያ ሳክስፎኑን ዝቅ አደረገና ወደ ጎን ቆመ። ለባስ ተጫዋቿ ልጅ በእጁ ምልክት ሰጣት። ፒያኖው ቆመ፣ ከበሮው ቆመ። አዳራሹ ውስጥ እሷ ብቻ ቀረች።

ቀስ ብላ ጀመረች። በመኝታ ሰዓት ቤት ውስጥ ሰው እንዳይነቃ እንደሚራመድ ሰው ነበር የምትጫወተው። ከዚያ ወደ ወፍራሙ ክር ወረደችና እዚያው ቆየች፤ አንድ ነገር ትላለች፣ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ትላለች፣ ያንኑ ደግማ ትላለች። እናቴ ለምሳ ስትጣራ ድምፅዋ ከጓሮ የሚመጣበትን መንገድ አስታወሰኝ። ካረፈች ወዲህ ያን ድምፅ እንዲህ ቅርብ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም። ዓይኔን ጠረግሁ።

ባሱ ዝቅ ብሎ ነበር፣ በጣም ዝቅ። አሁን አቶ ይጨመር ‘ይጨመር’ ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። ከኋላዬ ያለው ረድፍም ይጠብቅ ነበር፤ ዞር ስል የድምፅ ባለሙያዋ እጇን ማዞሪያው ላይ አድርጋ ተዘጋጅታለች። ክቡርነታቸው ግን ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ከልጃቸው ጣቶች ሳይነቅሉ ጭጭ አሉ። ያን ሁሉ ዓመት ያሾፍኩበት ነገር ሲቀር እንዴት እንደጎደለኝ ልነግራችሁ አልችልም። እባክዎ አንድ ጊዜ ይበሉት እያልኩ በልቤ ለመንኳቸው። አላሉትም። ልጅቷ ጨርሳ አዳራሹ በጭብጨባ ሲናወጥ፣ እሳቸው ግራና ቀኛቸውን አይተው ከሁሉም ኋላ አጨበጨቡ።

ከኮንሰርቱ በኋላ የተረፉ ፕሮግራሞች ሰብስቤ ስወጣ አቶ ይጨመር ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ያዙኝ። ሳብ አድርገው ደረጃው ሥር ወሰዱኝ።

“ያ ማዞሪያ ሽቦ እንደሌለው ታውቃለህ?” አሉኝ።

ደነገጥኩ። “እርስዎ ያውቃሉ እንዴ ጋሼ?”

“ፊት ለፊቴ ሆነህ ተናገር።” ዞሬ ደገምኩላቸው። “አምና ከኋላው ዞሬ አይቻለሁ። እኔ ዕድሜዬን ሞተር ስፈታ ኖሬ ሽቦ ያለውና የሌለው ይጠፋኛል?”

“ታዲያ ለምን አዙሪልኝ ይሏታል?”

“ስታዞርልኝ ደስ ይለኛላ። እንደዚያ ተጠንቅቃ።” በጣታቸው ጆሯቸውን ነካ አደረጉ። “ጆሮዬን የበላው ወፍጮው ነው። ሐኪሙ ቀድሞ የሚሄደው ቀጭን ድምፅ ነው ብሎኝ ነበር፣ እውነቱን ነው። መጀመሪያ ወፎቹ ሄዱ። ከዚያ የስልኩ ጥሪ፣ ከዚያ የሕፃናት ድምፅ። ጆሮ ውስጥ የሚገባውንም ዕቃ ሞከርኩት፤ ሁሉን ነገር እኩል ያንጫጫል። ልጄ በትንሽነቷ ከትምህርት ቤት ቫዮሊን ይዛ መጥታ ተጫወተችልኝ። ይጨመር አልኳት። ደግማ ተጫወተች፣ ይጨመር አልኳት። በነጋታው መልሳው ያን ተራራ የሚያህል ባስ ይዛ መጣች። ምነው ብላት፣ ‘አባዬ፣ አንተ የምትሰማው ይሄን ነው’ አለችኝ። ያኔ እሰማው ነበር። ወፍራሙ ይቆይልሃል ብሎኝ ነበር ሐኪሙ።”

“አሁንስ?” አልኳቸው፤ መልሱ ግን ገብቶኛል።

“ዘንድሮ እሱም ሄደ። ዛሬ ያየሁት ጣቶቿን ነው።”

“ታዲያ ይጨመር ለምን አላሉም?”

“በእሷ ተራ እንዴት እላለሁ? ሌላው ሁሉ ቆሞ ባሱ ብቻ ሲቀር ይጨመር ካልኩ፣ እሱም እንደጠፋኝ ታውቃለች። ካወቀች አትሄድም። ከእንግዲህ የምትጫወተው ለማን ነው ብላ ቁጭ ትላለች፣ እኔን ስትጠብቅ።”

ከኮሪደሩ ወዲያ የባሱ ሳጥን ጎማ ሲጥ ሲጥ ሲል ሰማሁ። እሳቸው አልሰሙም፤ ዓይኔን ግን አዩት።

“መጣች አይደል?”

ራሴን ነቀነቅሁ። ክንዴን ጠበቅ አድርገው ያዙኝ።

“አባዬ እንዴት ነበር ትለኛለች። በፊት የሰማሁትን ነበር የምነግራት፤ እዚህ ጋ ቸኮልሽ፣ እዚህ ጋ አበጀሽ እያልኩ። ደስ ይላል ብቻ ብላት አታምነኝም። አንተ እግዜርን የምትፈራ ሰው ነህ፣ ውሸት ስጠኝ አላልኩህም። የሰማኸውን ስጠኝ፤ እኔ አደርስላታለሁ።” ፊታቸውን ወደ ፊቴ አቀረቡና ከንፈሬን ትክ ብለው አዩት። “ድምፅህን ቀንሰው፤ ቅርብ ናት። ንገረኝ ልጄ፣ እንዴት ነበረች?”