ባለ አንድ ዓይን ሥዕል

የመምህር እንጀራው አፉ ነው። «በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለው ተረት ለዘበኛም ለጸሐፊም ይሠራ ይሆናል፤ ለእኛ ግን አይሆንም። ዝም ካልን ደመወዝ የለም፤ ከተናገርን ዝንቡ አለ። በደርግ ዘመን ደግሞ ዝንቡ ሽጉጥ ይታጠቅ ነበር።

ያኔ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰባተኛ ክፍል ሥዕል አስተምር ነበር። የዕለቱ ርዕስ «ሥዕል የኅብረተሰብን ባህል ያሳያል» የሚል ነው። መቼም ሰባተኛ ክፍልን ታውቁታላችሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ያንቀላፋል። በዚያ ላይ የቀበሌው ካድሬ ትምህርቱን ሊከታተል መጥቶ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ልጆቹን ላነቃ ብዬ ጠመኔ አነሳሁና ሁለት ፊት ሣልኩ፤ አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከጎን።

«እንጦጦ ራጉኤል የገባ ሰው አይቶታል» አልኩ። «የጥንት ሠዓሊዎቻችን ደግ ሰው ሲሥሉ ሁለቱንም ዓይኑን ያሳያሉ። ሰይጣንን፣ ጨካኝ ንጉሥንና ገራፊን ግን ከጎን ይሥሉና አንድ ዓይን ብቻ ይሰጧቸዋል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ዓይን ቆጥሮ ክፉና ደጉን ይለያል።»

ካድሬው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ደስ አለኝ። ምናለ ደውሉ ያኔ ተደውሎ ቢሆን!

ከድጃ እጇን አወጣች። የሰፈሩ ባለ ሱቅ ልጅ ናት፤ ቤተ ክርስቲያን ገብታ ስለማታውቅ ነገሩ አዲስ ሆኖባት ከሁሉም በላይ በጥሞና ያዳመጠችው እሷ ነበረች።

«ቲቸር» አለች ከራሴ በላይ እየጠቆመች፣ «እነዚህስ ምን አጥፍተው ነው?»

ዞር አልኩ። ከሰሌዳው በላይ፣ በየቢሮውና በየክፍሉ የሚሰቀሉት ሦስቱ ጢማሞች፣ የአብዮቱ አባቶች፣ ተደርድረው ወደ አንድ አቅጣጫ ይመለከታሉ። ሦስቱም ከጎን። ሦስቱም ባለ አንድ ዓይን! በየቀኑ ከሥራቸው ቆሜ ሳስተምር አንድም ቀን ልብ አላልኳቸውም። ከዚህ ባነሰ ነገር ተወስዶ የቀረ ሰው አውቃለሁ።

«እነሱማ... ወደ ፊት ስለሚያዩ ነው» አልኩ። ካድሬው ተነሥቶ ወጣ።

በማግስቱ ቀበሌ ተጠራሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሚስቴ ጋቢዬን አጣጥፋ ሰጠችኝ፤ የእስር ቤት ሲሚንቶ እንደሚበርድ ሁሉም ያውቃል።

ካድሬው እንደገባሁ በሩን ቆለፈው። ከዚያ ከጠረጴዛው ኋላ ትልቅ ሸራ አወጣና ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ለአብዮት በዓል ያሣለው የራሱ ምስል ነው፤ ቡጢውን ጨብጦ፣ ወደ ፊት እየተመለከተ፣ ከጎን።

«ጓድ መምህር» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እናቴ ለበዓሉ ትመጣለች። ራጉኤልን ሳትሳለም የማትውል ሴት ናት።»

ሽጉጡን አስተካክሎ ፊት ለፊቴ ተቀመጠና ሁለቱንም ዓይኖቹን አፈጠጠልኝ።

ምን ላድርግ? ጋቢዬን ወለሉ ላይ አንጥፌ እሱ ያዘጋጀውን ቀለም በጠበጥኩ። ሁለት ትላልቅ የጻድቅ ዓይኖች ሣልኩለት። ከኋላው ግድግዳ ላይ ሦስቱ ጢማሞች እንዳላዩ ሆነው ወደ ጎን ይመለከቱ ነበር።