የጋሽ ድንቁ ቀማሽ

ውሸት ሁሉ አንድ አይደለም። ልጅ ሲዋሽ ይቆነጠጣል፤ ደላላ ሲዋሽ ኮሚሽን ይበላል፤ ጎረቤት ሲዋሽ ግን «ሰው እንዳይከፋው ብዬ ነው» ይላል፤ ይመሰገናልም። እኔም ሰው እንዳይከፋው ብዬ ያደረግኩትን ልንገራችሁ።

ጋሽ ድንቁ ኮልፌ ውስጥ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቴ ናቸው። ዕድሜያቸውን ወይን ጠጅ ፋብሪካ ጨርሰው ጡረታ ሲወጡ፣ ጓሮ ባለችው ክፍል የራሳቸውን መጥመቅ ጀመሩ። ታዲያ እንደ ፋብሪካው አይደለም። ፋብሪካ የተገዛ እርሾ ይጨምራል፣ እንዳይበላሽ ድኝ ያገባበታል፣ እንዲጠራ ያጣራዋል። እሳቸው ምንም አይጨምሩም። «ፍሬው እርሾውን ልጣጩ ላይ ይዞ ይመጣል፤ እኔ ምን አገባኝ?» ይላሉ። የተፈጥሮ ወይን ማለት ይኸው ነው። ሰው እጁን ያላስገባበት። በሰፈራችን እንዲህ ያለ ነገር ከየት ይገኛል?

ዓይነቱንም አስተምረውኛል። ቀዩ ከነልጣጩ ይፈላል፤ ነጩ ተጨምቆ ጭማቂው ብቻ ይፈላል። ነጩን ፍሬ እንደ ቀዩ ከነልጣጩ ካቆዩት ደግሞ መልኩ ወደ ብርቱካን ይሄዳል፤ እንደ ወፍራም ሻይ ምላስ ይይዛል። ፍላቱን ሳይጨርስ ጠርሙስ ውስጥ ተዘግቶ ሲከፈት የሚያፏጭም አለ፤ እሱን አንዱ ፈንድቶ መስኮት ከሰበረ ወዲህ ትተውታል። ሁሉም ደፍረስ ይላል፤ ጠላ ለለመደ ሰው ይሄ ምንም አይደንቅም። አደጋው ሌላ ነው። ማቆያ ስለሌለው አየር ካገኘው ኮምጣጤ ይሆናል። ስለዚህ አፍንጫ ይፈልጋል።

ጋሽ ድንቁ ደግሞ አፍንጫ የላቸውም። መኖሩስ አለ፣ እንዲያውም ትልቅ ነው፤ ግን አንድ ክፉ ጉንፋን ከያዛቸው ወዲህ ሽታም ጣዕምም አይለዩም። የሚቀምሱላቸው ባለቤታቸው እትዬ በላይነሽ ነበሩ። እትዬ በላይነሽ «ይደፋ» ካሉ ይደፋል፤ ይግባኝ የለም።

ባለፈው ከዝዋይ በሳጥን ባስመጡት ፍሬ ሦስት ትልልቅ ዳሚጃን ጠርሙስ ጠመቁ፤ ቀይ፣ ነጭና ብርቱካናማ። የብርቱካናማውን ፍሬ በእጃቸው እያፈረጡ የጨመሩት እትዬ በላይነሽ ናቸው። ፍላቱ ሳያበቃ እሳቸው አረፉ። ማክሰኞ «ራሴን» አሉ፤ ዓርብ ቀበርናቸው።

አርባቸው ሲቃረብ ጋሽ ድንቁ እንድቀምስላቸው ጠሩኝና ከቀዩ ቀድተው ሰጡኝ። ስቀምሰው እስከ ጆሮዬ ኮመጠጠኝ። ቀና ስል ያዩኛል፤ ጥቁር ለብሰው፣ ፂማቸው አድጎ፣ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው።

«እንዴት ነው?» አሉኝ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ሚስቱን ለቀበረ ሰው ወይንህም ሞቷል ይባላል?

«ግሩም ነው ጋሼ» አልኩ።

ነጩን ቀዱልኝ፤ ከቀዩ የባሰ ነው። «ይሄ እንዲያውም ይበልጣል» አልኩ። እትዬ በላይነሽ ካረፉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የጋሽ ድንቁ ፊት ፈታ አለ። ብርቱካናማው ገና ስለሆነ ይቆይ አሉ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ እያደር ከበደኝ፤ ቢሆንም ሄጄ አልተናገርኩም።

በአርባው ቀን ድንኳኑ ሞላ፤ ቀዩና ነጩ ወይንም ተቀዳ። ሰዉ ጎንጨት እያለ ፊቱን ያጨማድዳል፤ ደግነቱ ተዝካር ስለሆነ የሐዘን ይመስላል። ጋሽ ድንቁ እየዞሩ «እንዴት ነው?» ሲሉ ሁሉም «ግሩም ነው፣ እግዜር ይስጥልን» ይላቸዋል። በመጨረሻ ከአስኮ የመጡት የሟች እህት፣ እትዬ ታየች፣ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጡ።

«ድንቁ፣ ይሄ እኮ ኮምጣጤ ነው» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «በላይነሽ ብትኖር ይሄን ለሰው ታቀርብ ነበር?»

ጋሽ ድንቁ እሳቸውን አላዩም፤ እኔን ነው ያዩት። ከዚያ ከየሰዉ ፊት ብርጭቆውን አንድ በአንድ መሰብሰብ ጀመሩ። ላግዛቸው ስነሳ «ተቀመጥ» አሉኝ።

ከሳምንት በላይ አላናገሩኝም። ሲብስብኝ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ጓሮ፣ ከብርቱካናማው ዳሚጃን አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ይቅርታዬን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ሳልጠየቅ ከዳሚጃኑ ቀዳሁና ቀመስኩ።

ኮክ ኮክ ይላል፤ ወዲያው ማር ይመስልና ልጣጩ ምላስ ላይ ቀስ ብሎ ይይዛል። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ ቀምሼ አላውቅም። እንባዬ መጣ።

«ጋሼ፣ ይሄ ግሩም ነው» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ያው ቃል መሆኑ ለራሴም ተሰማኝ። ሌላ ቃል ፈለግኩ። በእናቴ ማልኩ፣ በልጆቼ ማልኩ። እትዬ በላይነሽ በእጃቸው የሠሩት ነው፣ ሌላ ሰው ያስቀምሱ ብዬ ለመንኳቸው።

«አስቀምሼ ነበር እኮ፤ ድንኳን ሙሉ ሰው» አሉ። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «አንተ ጥሩ ሰው ነህ፤ ሰው እንዲከፋው አትወድም። በል ተነሥ፣ እንድፋው።»

ዳሚጃኑ ለአንድ ሽማግሌ ይከብድ ነበር። ወደ ቦዩ ስናዘነብለው አንዱን ጎን የያዝኩት እኔ ነኝ።