ገዢውን የፈራ ባለፋብሪካ

ገዢውን የፈራ ባለፋብሪካ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ጎሮ አካባቢ አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬም ይደንቀኛል።

የምሠራበት የጨርቅ ማቅለሚያ ባለቤት አቶ መኮንን ይባላሉ። የቀለሙን ውኃ ወደ ወንዝ እንዳይለቁ ጎረቤቱ ለዓመታት ለመናቸው። ወረዳው ማስጠንቀቂያ ለጠፈ፤ ወረቀቱ በፀሐይ ነጣ። እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም። ከዚያ ጨርቃችንን የሚገዛው የውጭ ድርጅት በኢሜይል ሦስት መስመር ጻፈ፦ ውኃችሁን ካላጣራችሁ ትዕዛዙ ይቀራል። ትዕዛዙ ከቀረ ሁላችንም ሥራ ልንፈታ ነው።

በሳምንቱ ግቢያችን ገነት መሰለ! አቶ መኮንን ሩዋንዳ ሰፈር ካለ የእንግዳ ማረፊያ አበባ ከነማሰሮው ተውሰው አስደርድረዋል። ሰው አረንጓዴነትን ይዋሳል?

ገዢው የላካት ተቆጣጣሪ አበባውን ዞር ብላም ሳታይ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ወደሆንኩት ወደ እኔ መጣች።

«ጋሼ፣ ይሄ ውኃ የት ነው የሚሄደው?»

«ወንዝ ነው የሚገባው፣ የኔ ልጅ።»

«አንተ ሰውዬ፣ እንጀራችንን ገደል ከተትከው!» አሉ አቶ መኮንን።

እሷ ግን ረጋ ብላ፣ «አበባውን ለባለቤቱ ይመልሱና በሦስት ወር ማጣሪያ ይሥሩ» አለቻቸው።

ተሠራ! ንጹሕ ውኃ ከቧንቧው ሲወርድ ሳይ ኮፍያዬን አወለቅሁ። ይህን ሁሉ ያደረገው ሦስት መስመር ጽሑፍ ነው?

ልጄ ነገሩን ሰምታ፣ «አባዬ፣ እውነቱን በመናገርህ ኮራሁብህ» አለችኝ።

«አትኩሪ» አልኳት። «ያንን ቀለም ወደ ወንዙ ስለቅ የኖርኩት እኔ ነኝ። እውነቱን ለመናገር ገዢ እስኪጠይቀኝ ጠበቅሁ።»