አምባዛ ቅርፊት የወረሰ ዕለት

አንድ ነገር ስትጠይቁት መልሱን ከአዳም የሚጀምር ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አለ። "ሰዓት ስንት ነው?" ብትሉት ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ አስረድቷችሁ፣ ሰዓቱን ሳይነግራችሁ ይሄዳል። ለእኛ ለሲቀላ ሰፈር ዓሣ ሻጮች የደረሱን ክቡር ኢንጂነር ካሱ ነበሩ።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ ሃያ ሁለት ዓመት ዓሣ ሳጸዳና ስበልት የኖርኩ ነኝ። ማኅበራችን ዳገቱ ላይ ካለው ከሴቻ ሰፈር ደንበኞች ትዕዛዝ የሚቀበል ፕሮግራም እንዲሠሩለት ኢንጂነሩን ሲያመጣ፣ ፕሮግራሙ ለሚሠራበት ኮምፒውተር፣ ሰርቨር ለሚሉት፣ ቦታ ጠፋና እኔ ከምሠራበት ጠረጴዛ አጠገብ አኖሩት። ጎረቤት የሆንነው እንዲህ ነው።

ፕሮግራሙን የሚሠሩበት መሣሪያ፣ የጃቫስክሪፕት ፍሬምወርክ የሚሉት፣ አሮጌ ነበር፤ ሌላው ዓለም ትቶታል አሉ። የተሠራውም ሰው ስክሪን ላይ ለሚያየው ገጽ እንጂ ለሰርቨር አልነበረም። ሰርቨሩ ላይ ሲያስነሱት ስክሪን ይፈልግና ሲያጣ ቀጥ ይላል። እሳቸው ታዲያ የውሸት ስክሪን ሠርተው ሰጡት።

"ያለ መስሎት ይሠራል፣ እትዬ ልክነሽ።"

"ታታልለዋለህ ማለት ነው?"

"ኧረ አጽናናዋለሁ።"

"አዲሱን ለምን አትጠቀምም?" ብሎ የጠየቃቸው ሰው ምሳው ያልፈዋል። "ይሄኛው ቤተሰብ ያውቃል" ይሉና ይጀምራሉ። እናት ክላስ፣ የነገር ዓይነት ማለት ነው፣ አለች፤ ልጆች አሏት፤ እናትየዋ ላይ የተጻፈውን ልጆች ሁሉ ይወርሳሉ። ዓሣ ሊጭን የመጣውን የባጃጅ ሹፌር "ባጃጅ ከተሽከርካሪ ይወርሳል" እያሉ ያቆሙታል። የዓሣው በረዶ ይቀልጣል።

ከዚያ የአቶ ብርሃነመስቀል ነገር መጣ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ቅርፊት የሌለው ዓሣ ደጃቸውን አያልፍም። "ቅርፊት ያለው" ብለው አዘው፣ ለዝክር ቀን፣ እንግዳ በተቀመጠበት፣ ፕሮግራሙ የመረጠላቸው ቅርፊት አልባ አምባዛ ደረሳቸው። መልሰው ላኩት። የማኅበሩ ሊቀመንበር ተቆጥቶ ፕሮግራሙ እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ሰርቨሩም ባለሙያውም ይውጡልኝ አለ።

ኢንጂነሩ ሦስት ቀን ኮዱ ላይ ተደፍተው ዋሉ። ሻይ አልነኩም፤ ማንንም አላስተማሩም። ቢላዬን አስቀመጥኩና ጠጋ አልኳቸው።

"ኢንጂነር፣ አምባዛን ቅርፊት አለው ብለህ ነው የጻፍከው?"

"እሱ ላይ ምንም አልጻፍኩም። ቅርፊት አለው ያልኩት እናትየዋ ላይ ነው፣ ዓሣ የምትባለው ክላስ ላይ። ቆሮሶም አምባዛም ከሷ ነው የወረሱት።"

ለካስ ሰውየው ዓሣ የሚያውቁት ተጠብሶ ነው። አንድ አምባዛ አነሳሁና ኪቦርዱ አጠገብ አጋደምኩት።

"ዳስሰው።"

ዳሰሱት። ከራስ እስከ ጅራቱ፣ ከጅራት እስከ ራሱ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፣ ማስረዳት ሳይጀምሩ ቀሩ። ሐሙስ አምባዛ ላይ 'ቅርፊት የለውም' የሚል መስመር ጻፉና ፕሮግራሙ ተስተካከለ። እኔም ቅርፊቱ የሚያብረቀርቅ ትልቅ ቆሮሶ ይዤ ሴቻ ወጣሁና አቶ ብርሃነመስቀልን ይቅርታ ጠየቅኩ። "በዓሣ የሚቀልድ ሰው አስቀምጣችኋል" አሉኝ፤ ቆሮሶውን ግን ተቀበሉ።

ፕሮግራሙ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሠራ። አምና ኢንጂነሩ ሐዋሳ ሥራ አገኙና ሄዱ። ሲሰናበቱኝ አርባ ደቂቃ ፈጀባቸው።

አሁን ሄራን የምትባል ልጅ አዲስ ፕሮግራም እየሠራች ነው። ጎበዝ ናት፤ ስትጠይቋት "ይሠራል" ወይም "አይሠራም" ብላ ትጨርሳለች። ሥራችን ቶሎ ያልቃል። እንዲህ ቶሎ ካለቀ በኋላ ምን እንደምንሠራ ግን አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት አሮጌውን ከማጥፋቷ በፊት ስታገላብጥ ቆይታ ጠራችኝ።

"እትዬ፣ ኮዱ ውስጥ አምባዛ ጋ ማስታወሻ ተጽፏል።"

"ምን ይላል?"

"'ይህን መስመር አትንኩ። ቅርፊት የለውም፤ በእጄ ዳስሻለሁ። የማያምን እትዬ ልክነሽን ይጠይቅ።'" ቀና ብላ አየችኝ። "እውነት ቅርፊት የለውም?"

የለውም ብል ይበቃት ነበር። እኔ ግን እጄን ታጠብኩና ወንበር ሳብኩላት።

"ተቀመጪ፣ ልጄ። ዓሣ የምትባል አንዲት እናት አለች እንበል።"