የጎሚስታው የአባ ንፋስ ዘመቻ ወደ ቪዛው መስኮት

በአከራይዋ እመቤት ዘመን፣ የሱቅ ኪራይ በጨመሩ በሁለተኛው ዓመት፣ መንገዱ ተቆፍሮ ሳይደፈን በከረመበት፣ ስለዚህም የመኪና ጎማ መተንፈስ በበዛበት በዚያ መልካም ወራት፣ የጎማ ሁሉ ሐኪም፣ የክሪክ ባለቤት፣ ፈረስ ባይኖራቸውም ብስክሌት ነበራቸውና በብስክሌት ስማቸው አባ ንፋስ የተባሉት ጎሚስታ የዘመቱትን ዘመቻ፣ ከቪዛው መስኮት ፊት ቆመው አንድ ጊዜ እንደ ወደቁ፣ ዳግመኛም እንደ ተነሡ፣ ኃጥእ ወአባሲ የሆነው ጸሐፌ ትእዛዝ በዓይኑ ያየውን አይቶ፣ ያላየውንም ከአክስታቸው ጠይቆ እንዲህ ጻፈ።

ወእምዝ በዕለተ ሰኑይ፣ አባ ንፋስ የአንዲት አሮጌ ታክሲ የኋላ ጎማ ነቅለው፣ ታክሲይቱንም በክሪክ አንሥተው ሳሉ፣ ባሕር ማዶ ከምትኖረው እህታቸው ስልክ ተደወለ። የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ ወደዚያ የተሻገሩት ክብርት እናታቸው ልባቸው ታሞ ተኝተዋል፤ ሐኪሞችም ደረታቸው ተከፍቶ ልባቸው ካልተጠገነ ተስፋ የለም ብለው ለሐሙስ ሳምንት ቀን ቆርጠዋል። እመቤቲቱ ግን በአልጋቸው ላይ ሆነው ይህን አዋጅ አስነገሩ፦

«የበኩር ልጄን ዓይኑን ሳላይ ቢላ ይዛችሁ እንዳትጠጉኝ! ብትፈልጉ አስሩኝ!»

አባ ንፋስ ይህን በሰሙ ጊዜ፣ ጎማዋን መልሰው ሊገጥሙ ቢሞክሩም፣ መቶ ሺህ ብሎን ካጠበቀው ጣታቸው ብሎኑ እየሾለከ መሬት ወደቀ። ባለታክሲውም ከአባ ንፋስ በቀር የሌላ ጎሚስታ እጅ ታክሲዬን አይነካትም የሚል ጽኑ እምነት ያለው ሰው ነበርና፣ ታክሲዋን በሦስት እግሯ እንደ ቆመች ትቶ «እንግዲህ ጋሼ፣ እርስዎ የሄዱበት ሁሉ እሄዳለሁ!» ሲል አወጀ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሲበሉም ሲጠጡም አጠገባቸው ነበረ፤ ግማሹ ስለ ፍቅር፣ ግማሹ ስለ ታክሲው።

የመጀመሪያው ጦርነት በፎቶ ቤት ሆነ። የቪዛ ሕግ ጆሮ ይታይ፣ ጥርስ አይታይ ይላል፤ አባ ንፋስ ግን ካሜራ ባዩ ቁጥር፣ ይልቁንም በተጨነቁ ጊዜ፣ ጥርሳቸው ከዳር እስከ ዳር የሚገለጥ ሰው ነበሩ። ፎቶ አንሺው «ጋሼ፣ አፍዎን ይግጠሙ! ቪዛ ነው እንጂ ሠርግ አይደለም!» ብሎ እስኪሰለቸው ድረስ አወጀ። በመጨረሻ አክስታቸው ከካሜራው ኋላ ቆመው «አከራይዋ ኪራይ ሊጨምሩ ነው!» ባሉ ጊዜ፣ የአባ ንፋስ ፊት በቅጽበት ተኮሳተረ፤ ሕጉ የሚሻው ፎቶም ተገኘ።

በተቀጠረው ቀን ሠራዊቱ ተሰለፈ። ፊታውራሪዋ አክስታቸው ነበሩ፤ እኒህም በሆስፒታልም በባንክም ሰልፍ ዘምተው ሳያሸንፉ ያልተመለሱ፣ ጃንጥላቸውን ለፀሐይም ለዝናብም ለሰውም የሚዘረጉ ናቸው። በቀኝ የአባ ንፋስ ባለቤት ዶሴውን በሁለት ፌስታል ጠቅልላ በደረቷ አቅፋ፣ በግራ ጎረቤታቸው ጸጉር አስተካካዩ ጆሮ ድንገት እንዳይሸፈን መቀሱን ይዞ፣ በደጀንነትም ባለታክሲው የተነቀለውን ጎማ እያንከባለለ ተከተለ፤ ሱቁ ውስጥ ትቶት ለመሄድ አላመነማ። ከኤምባሲው በር በደረሱ ጊዜ ግን ዘበኛው «ባለጉዳዩ ብቻ! ሌላው ከአጥር ውጭ!» ብሎ አወጀ፤ ሠራዊቱም ከማዶ ባለው የእግረኛ መንገድ ሰፈረ፤ ባለታክሲውም ጎማውን ወንበር አድርጎ ተቀመጠ።

አባ ንፋስም ብቻቸውን ገብተው ከመስኮቱ ፊት ቆሙ። ከመስታወቱ ወዲያ ባለመነጽሯ የቪዛ ሹም፣ ከጎኗም አስተርጓሚው ተቀምጠዋል። ሹሟም ክፉ ሴት አልነበረችምና፣ ነገሩን በለሆሳስ ልትጀምር ወድዳ እናታቸው እንዴት እንዳሉ አስጠየቀች። አባ ንፋስም ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ጥርሳቸውን ገልጠው እንዲህ አወጁ፦

«ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን! እርስዎስ እንዴት ነዎት? ቤተሰብ ደህና?»

ይህ ውሸት አልነበረም፤ አስተዳደግ ነበረ። በእነርሱ ቤት ጉንፋን የያዘው ደህና ነው፣ እግሩ የተሰበረ ትንሽ አመም አድርጎታል፣ ነፍሱ ልትወጣ የደረሰችም ዛሬስ ተሽሎታል ይባላል። አስተርጓሚው የዚሁ አስተዳደግ ልጅ ስለሆነ ነገሩ ገብቶት ከንፈሩን ነከሰ፤ ዳሩ ግን የተባለውን ብቻ ሊተረጉም ምሏልና ተረጎመ። ሹሟ የሐኪሙን ወረቀት አየች፤ የአባ ንፋስን ጥርስ አየች፤ ተደናግራም ሕመሙ ይጠናባቸው እንደ ሆነ ዳግመኛ አስጠየቀች። አባ ንፋስም ሴቲቱን ማስጨነቅ ነውር መስሏቸው «ኧረ ምንም አይደል፣ አያስቡ!» ብለው አጽናኗት።

ያን ጊዜ ከመስኮቱ ይህ አዋጅ ወጣ፦

«ምንም ካልሆነ ጥድፊያው ስለ ምንድን ነው? ማመልከቻው አልተፈቀደም።»

ስለ ድሉ ማግሥት የሚጽፍ ሞልቷል፤ ስለ ሽንፈቱ ከሰዓት በኋላ ግን ይህ ጸሐፊ ይጽፋል። አክስታቸው በሱቁ ደጃፍ ጃንጥላቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው «አንተ የማትረባ! ማክሰኞ ተመልሰህ ትገባለህ፤ ደህና ናት ያልክ እንደሆን ግን እኔና አንተ አንተዋወቅም!» ብለው አወጁ። ከዚያም ልምምድ ሆነ። ሠራዊቱ በየተራ የእናታቸውን ጤንነት ይጠይቃል፤ አባ ንፋስም «ደህ» ብለው ሲጀምሩ ጃንጥላው ይነሣል። ጸጉር አስተካካዩ እንዴት እንደሚባል ላሳያቸው ብሎ ተነሣ፤ እርሱም «ደህና አይ» ካለ በኋላ ቃሉን ሳይጨርስ መቀሱን ሊስል ዞረ። ባለቤታቸውም አልቻለችም። ፊታውራሪዋም ራሳቸው፣ ታማሚዋ ታላቅ እህታቸው ናቸውና፣ አፋቸውን ከፈት አድርገው መልሰው ዘጉት። ፈርተው ነበር። ቃሉ ከአፍ ካልወጣ ነገሩም ያልሆነ መስሏቸው ነበር።

ማክሰኞም ደረሰ፤ ሠራዊቱም በቀደመ ሰፈሩ ሰፈረ። ያቺው ሹም በዚያው መስኮት ያንኑ ጥያቄ አስጠየቀች። የአባ ንፋስ ምላስ ወደ ለመደችው መንገድ ልትሄድ ስትንደረደር፣ የመስኮቱን ደፍ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ያዟት፤ ከኋላ የተሰለፈው ሕዝብ ሁሉ እስኪሰማም ድረስ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«እናቴ ደህና አይደለችም! ልቧ ታሟል። ሐሙስ ደረቷን ይከፍቱታል፤ እሷ ደግሞ እኔን ሳታይ አልገባም ብላለች። ደህና አይደለችም፣ የኔ እመቤት። እኔም በጣም ፈርቻለሁ።»

ይህንም ብለው የጎማ ጥቀርሻ ባልለቀቀው እጃቸው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። አስተርጓሚው ድምፁ እየተቆራረጠ ተረጎመ፤ ልቅሶው ግን ትርጉም አላስፈለገውም። ሹሟም መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፤ ነገር ግን ሕግ ሕግ ነውና ተመልሰው ለመምጣታቸው ማስረጃ ጠየቀች። አባ ንፋስም ወደ መንገዱ በሚያሳየው በጎን መስኮት አሻግረው በጎማ ላይ የተቀመጠውን ሰው አመለከቱና አወጁ፦

«ያ የሚያዩት ሰው ታክሲው በክሪክ ላይ ቆማለች። የተቀመጠባት ጎማዋ ናት። እግሬ ካልመለሰኝ፣ እሱ ራሱ ሊወስደኝ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ለእሱም ቪዛ መስጠትዎ ነው!»

ሹሟ አሻግራ አየች። ባለታክሲውም እንደታየ ባወቀ ጊዜ ጎማውን ከፍ አድርጎ አሳየ። እርሷም ስትስቅ ታይታ አትታወቅም ነበር፤ ያን ቀን ሳቀች፤ ማኅተሙም ወረደ።

አባ ንፋስ ቪዛውን ይዘው በወጡ ሰዓት ቀጥታ ወደ ሱቃቸው ሄደው ጎማዋን ገጠሙ፤ አንድ ብሎንም አልሾለከባቸው፤ በዚያችው ታክሲም ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ገሠገሡ። በዚህም ለመመለሳቸው የቀረበው ማስረጃ ጠፋ፤ ይህን ግን ለመስኮቱ እመቤት የነገራት የለም።

ረቡዕ ማታ ከእናታቸው አልጋ አጠገብ ደረሱ። እመቤቲቱም ባዩዋቸው ጊዜ «ለዚህ ብለህ ነው ሱቅ የዘጋኸው? ደንበኛ ምን ይላል?» ብለው ተቆጡ፤ እየተቆጡም የልጃቸውን እጅጌ ጨበጡ፤ በማግሥቱ እስከ ቀዶ ሕክምናው በር ድረስ አልለቀቁም፤ ነርሷም ጣታቸውን አንድ በአንድ እየፈታች አስገባቻቸው። አባ ንፋስ በኮሪደሩ የተጨማደደውን እጅጌያቸውን ሳያቃኑ ተቀመጡ። ከቀትር በኋላ ሐኪሙ ወጥቶ «ልባቸው ተጠግኗል!» ብሎ ባወጀ ጊዜ፣ ነርሶቹ አባ ንፋስን ራሳቸውን ደግፈው በተሽከርካሪ አልጋ ላይ አጋደሟቸው።

እናታቸው ከሰመመን ሲነቁ ግን መድኃኒቱ ያለፈውን ሁሉ አስረስቷቸው ነበርና፣ የመጀመሪያ ቃላቸው «ለልጄ ቪዛ ሰጡት?» የሚል ሆነ። አባ ንፋስም «ይኸው መጥቻለሁ፣ እማዬ!» አሉ፤ እመቤቲቱም በደስታ አለቀሱ፤ ተኙም። ጥቂት ቆይተው ነቁና ያንኑ ጠየቁ፤ ያንኑ ተነገራቸው፤ እንደ አዲስም ደስ አላቸው። ለሦስተኛ ጊዜም እንዲሁ ሆነ።

ቪዛው ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የሚል ነበር። ከኃያላን መካከል በአንድ ማኅተም፣ በአንዲት ዕለት፣ ሦስት ጊዜ ወደ እናቱ የመጣ፣ ሦስቱንም ጊዜ በእንባ የተቀበሉት ማን ነው? ስብሐት ለአባ ንፋስ፣ መዋዔ መስኮት፣ ገባሬ ጎማ፣ የእናታቸው በኩር፤ ዕድሜያቸውን ያርዝምልን፣ ንፋሱም አይጉደልባቸው፤ አሜን።