በዶሮ አስተርጓሚነት የተቀቀለ መረቅ

አጥንት ማለት ጤነኛ ሰው ለውሻ የሚወረውረው፣ ሲታመም ደግሞ ከውሻው አፍ የሚቀማው ነገር ነው። እስቲ ዋሸሁ በሉኝ! ሰው ደህና ሳለ ሥጋ ቤት ገብቶ «አጥንት አታብዛብኝ» እያለ ከባለ ሥጋው ጋር አንገት ለአንገት ይተናነቃል። ወገቡን ያዝ ያደረገው ለት፣ ወይም ሚስቱ የወለደች ለት፣ ያው ሰውዬ አንገቱን ደፍቶ ተመልሶ ይመጣና «ወንድሜ፣ ያቺ ባለፈው የጣልንባት አጥንት የት ደረሰች?» ይላል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከሳሙና ካርቶን ላይ ነው፤ ይህን ለማወቅ ግን ካርቶንም አላስፈለገኝ። የሰው ልጅ አጥንት የሚያከብረው የራሱ አጥንት ሲጮህበት ብቻ ነው።

የኔ ነገር የመጣው ባለቤቴ ኩሌ የበኩር ልጃችንን የተገላገለች ጊዜ ነው። ልጁ ሲወለድ ያሰማው ጩኸት ከነጌሌ ተነሥቶ ሜጋ ድረስ ተሰምቷል ይባላል። የሚለው እኔ ነኝ፤ ቢሆንም ይባላል። ጩኸቱ ወደ ደጋም ሳይደርስ አልቀረም መሰለኝ፣ ሳምንት ሳይሞላ አማቴ ከቦሬ ከተፍ አሉ።

የአማቴን ስም አትጠይቁኝ። በእኛ ልማድ አማች የአማቱን ስም አይጠራም። ፊታቸውን ትክ ብሎ አያይም፤ ወሬ ቢኖረው እንኳ ለሌላ ሰው እንደሚያወራ ሆኖ ያወራል፤ ከሁሉም በላይ እሳቸው ባሉበት እህል ወደ አፉ አያደርስም። ነውር ነዋ! ከተማችን ውስጥ ብዙው ሰው ይህን ልማድ ላላ አድርጎታል፤ ከአማቱ ጋር ከአንድ ትሪ የሚጎርስ ደፋርም አይቻለሁ። የኔ አማት ግን የቦሬ ሰው ናቸው። ቦሬ ብርድ ነው፤ ብርድ ደግሞ ነገር ያጠብቃል እንጂ አያላላም።

ከአውቶቡስ የወረዱት ቡሉኳቸውን እንደ ደረቡ ነው። በነጌሌ ፀሐይ! እንቁላል ደጅ ረስታችሁ ብትገቡ ተቀቅሎ በሚጠብቃችሁ አገር! ገብተው የልጃቸውን ጉንጭ ዳሰሱ፤ የልጅ ልጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው መረቁ። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጡ። እኔ እዚያው ቆሜ መሬት መሬት አያለሁ። በመካከላችን አንዲት ዶሮ ጥሬ ትለቅማለች።

«አካም ነሽ ዶሮዬ? ናጋ ነሽ?» አሏት።

ዶሮዋ ናጋ፣ ማለትም ደህና፣ ነበረች።

«የዚህ ቤት አባወራ አራስ ማረስ አያውቅም። የልጄ ጉንጭ ገብቷል። ነገ ተነገ ወዲያ ሳልል እሷንም ልጁንም ይዤ ወደ ቦሬ እወጣለሁ» አሉ፣ ለዶሮዋ።

ክው አልኩ። ቦሬ የታረሰች ሴት ቶሎ ትመለሳለች ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። አንዱ ወዳጄ ሚስቱን «ለትንሽ ጊዜ» ብሎ ሸኝቷት ልጁ ሲመለስ ጢም ነበረው። እኔ ያለ ኩሌ አንድ ቀን አላድርም፤ ልጄንም ገና አይቼ አልጠገብኩትም፤ አፍንጫው የማን እንደሆነ እንኳ አልተወሰነም። ኩሌም ብትሆን ብርድ ጠላቷ ነው። እናቷን ግን እምቢ ማለት አትችልም፤ ማን ይችላል?

እኔም ለዶሮዋ መልስ ሰጠሁ። «ዶሮዬ፣ ንገሪልኝ። እኔ አጥንት ቀቅዬ መረቅ ባወጣ ሬሳ ይነሣል። ነገ እሠራለሁ፤ ጠጥታ ካልበረታች ያን ጊዜ ይውሰዷት» አልኳት። በዕድሜዬ ቀቅዬ የማውቀው እንቁላል ነው፤ እሱም ፈንድቶብኛል። አፍ ግን ዳገት አይፈራም።

አማቴም «ይሁን፣ ዶሮዬ። አንድ ነገር ብቻ። ለአራስ የተሠራ መረቅ ከአራሷ በፊት የማንም አፍ አይነካውም፤ የኔም ጭምር» አሉ።

ልብ በሉልኝ። እኔ አማቴ ፊት መቅመስ ነውር ነው። አማቴ ከአራሷ በፊት መቅመስ ክልክል ነው። አራሷ አልጋ ላይ ናት። ድስቱ እንግዲህ ለአላህ ተተወ።

በማግስቱ ጋሽ ጉዮ ሥጋ ቤት ሄድኩ። አጥንት እንደምፈልግ ስነግራቸው «ለውሻ ነው ለሰው?» አሉኝ። ለአማት ፈተና ነው ብዬ አስረዳኋቸው። ቢላዋቸውን አስቀመጡ። «ወይ ልጄ! እንግዲያው ይሄ አይሆንህም» ብለው ከውስጥ አንድ ቅልጥም ከነጉልበቱ አወጡልኝ። እግዚኦ ነው የሚያሰኝ! በሬው በሕይወቱ ዘመን ሞያሌ በእግሩ ደርሶ የተመለሰ መሆን አለበት። ትከሻዬ ላይ አድርጌ ሳልፍ ሰው ዝሆን የሞተ መስሎት መንገድ ለቀቀልኝ።

ጓሮ ላይ ጉልቻ ጎለትኩ፤ አጥንቱን በምሳር ከፋፈልኩት። መቅኒው የሚወጣው አጥንት ሲሰበር ነው፤ ይህን ጋሽ ጉዮ መክረውኛል። አጥቤ ድስት ውስጥ ጨመርኩና ቀዝቃዛ ውኃ አፈሰስኩበት፤ በግራር እንጨት እሳት አነደድኩ። አረፋው ሲወጣ በጭልፋ እየገፈፍኩ ደፋሁ። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ እርድ፣ የጥብስ ቅጠል፣ ሁሉም በየተራው ገባ። ከዚያ እሳቱን አበረድኩት። መረቅ ሐሜተኛ ነው፤ ቀስ ብሎ ሲያንሾካሽክ ነው ምሥጢር የሚያወጣ፤ ከጮኸ ውኃ ብቻ ይሆናል። ሽታው ሲነሣ የሰፈሩ ውሾች አጥሩ ሥር ተሰልፈው ተቀመጡ፤ ጠብ የለ፣ ጩኸት የለ፤ እንደዚያ ያለ ሥነ ሥርዓት በሰው ስብሰባ ላይ አላየሁም። አማቴም ጥላው ሥር ቡሉኳቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል፤ ዶሮዋ በመካከላችን ናት።

እዚህ ድረስ ጎበዝ ነበርኩ። ያበላሸኝ ጨው ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን የሱቅ ጨው በጣቱ ቆንጥሮ ይበትን ነበር። እኔ ግን ኩራቴ መች ያስችለኛል? ከሜጋ ማዶ ካለው ገደል ሥር፣ ሰው ሐይቅ ውስጥ ጠልቆ የሚያወጣው፣ አህያ እያቃሰተ ሽቅብ የሚሸከመው ጨው አለ፤ ድንጋይ ነው የሚመስለው። ቡጢ የምታህል አንዷን ጉማጅ ከድስቱ ወረወርኳት። ጠለቀች፣ ጠፋች። ሟሟች? አልሟሟችም? ማን ያውቃል? መቅመስ የለ!

ትንሽ ቆይተው አማቴ «ዶሮዬ፣ ጨው የሌለው መረቅ የእግር ማጠቢያ ነው» አሉ።

አሁን ይህ ምን ማለት ነው? ምክር ነው? ትእዛዝ ነው? ወይስ የኔ መረቅ ከሩቅ ሲያዩት የእግር ማጠቢያ መስሏቸው ነው? ጤነኛ ሰው «ምን ለማለት ነው እማዬ?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ ለመጠየቅ ቀና ማለት አለብኝ፤ ቀና ካልኩ ዓይናችን ይጋጠማል፤ ዓይናችን ከተጋጠመ ከመረቁ በፊት እኔ በሐፍረት እቀልጣለሁ። ስለዚህ ዝም ብዬ ሌላ ጉማጅ ጨመርኩ።

ውኃ ላመጣ ወጣ ባልኩበት፣ ኋላ እንደ ሰማሁት፣ ከፊት ለፊታችን ሱቅ ያላቸው ጎረቤታችን አዴ ዘይነባ አራስ ሊጠይቁ መጡ። ድስቱን ከፍተው አዩና ሠሪው ማን እንደሆነ ጠየቁ፤ አማቹ ነው ሲባሉ ከት ብለው ሳቁ። «ወንድ ደግሞ ጨው ያውቃል?» ብለው ካመጡት ፌስታል እፍኝ ሙሉ ዘግነው ጨመሩበት፤ ለጽድቅ ብለው ነው። አማቴስ? አዴ ዘይነባ ወደ ውስጥ ሲገቡ እሳቸው ደግሞ አንጀታቸው አልችል ብሎ፣ «መቼስ የልጄ ሆድ ነው» ብለው ጨመር አደረጉ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለአንድ ሰው ነው፤ ለሦስት ሰው የሚሆን ተረት እስካሁን አልሰማሁም።

ምሳ ሰዓት ላይ መረቁ ደረሰ። መልኩን ባያችሁ! ወርቅ! ክብረ መንግሥት ሄደው ጉድጓድ የሚቆፍሩት በከንቱ ነው። አማቴ በሳህን ቀድተው ገቡ፤ አዴ ዘይነባ አልጋው ጎን ተቀምጠዋል። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ በቀዳዳ አያለሁ። የአማቴ ጓዝ ታስሮ በሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ የልጁ ጥቅልል ሳይቀር ተዘጋጅቷል።

ኩሌ አንዴ ፉት አለች።

ዓይኗ ሰፋ። ቅንድቧ ወደ ጣሪያው ሸሸ። ጆሮዋ ተንቀሳቀሰ፤ በልጄ አፍንጫ እምላለሁ፣ ተንቀሳቅሷል።

«እህ ልጄ፣ እንዴት ነው?» አሉ አማቴ።

ኩሌ እናቷን አየች። የታሰረውን ጓዝ አየች። ቀጥላ ከመጋረጃው ሥር ብቅ ያሉትን የእግሬን ጣቶች አየች፤ ጣቶቼ ይለምኗት ነበር። ከዚያ ሳህኑን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እንደ ኮሶ ግልብጥ አድርጋ ጨረሰችው። «እማዬ» አለች፣ ድምፅዋ እንደ ሰለለ፣ «እንዲህ ያለ መረቅ ተወልጄ ጠጥቼ አላውቅም። እስቲ ውኃ።»

አልዋሸችም እኮ! አንዲት ቃል አልዋሸችም።

ውኃ ሰጧት። «ድገሙኝ» አለች። ደገሟት። አጥሚት ተሠራላት፣ ጨረሰች። የአዴ ዘይነባን ወተት ከነጮጮው ልትውጠው ምንም አልቀራት። የቤቱ ጀሪካን ተራ በተራ ባዶ ሆነ፤ ውኃ የሚያመላልሰው ጋሪ ደጃችን ላይ እንዲቆም ተለመነ፤ አህያው ራሱ በጥርጣሬ አየን። ያ ሁሉ የጠጣችው የት ይሄዳል? ማታ ሳይሆን ጡቷ ሞልቶ ፈሰሰ። ልጄ እየጠባ ትንታ ያዘው፣ ፊቱ ታጠበ፣ ጠግቦ አገሳ። ጉንጯም ቢሆን፣ በውኃም ይሁን በምን፣ ነፋ ብሎ ቁጭ አለ።

አማቴ ይህን ሲያዩ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «መረቁ ነው! አየሽ ዘይነባ? መረቁ ነው!» አሉ። አዴ ዘይነባም የሥራው ተካፋይ ናቸውና አልካዱም። ኩሌ ግን ሰው ዘወር ሲልላት እጄን ይዛ «ወይ አንተ! ገደልከኝ እኮ! የተረፈውን በውኃ አቅጥነው» አለችኝ። ሳቀጥነው፣ ሳቀጥነው፣ ድስቱ አልበቃው ብሎ በባልዲ ሆነ። ሰፈሩ ሁሉ እየቀዳ ምስሩን ሠራበት፣ ገንፎውን አገነፋበት፣ ቂጣውን ፈተፈተበት፤ ማንም ጨው አልገዛም፤ አዴ ዘይነባ ብቻ ጨው አልሸጥ ብሏቸው ከፋቸው።

ጠዋት ላይ አማቴ ጓዛቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ወጡ። እኔ መሬት መሬት እያየሁ ፍርዴን እጠብቃለሁ። ጓዛቸውን ሲፈቱ በጆሮዬ ሰማሁ፤ የገመዱ ድምፅ እንደ ሠርግ ዘፈን ነበር የጣመኝ።

«ዶሮዬ» አሉ፣ «ልጄን አልወስዳትም። ይህን የመሰለ ባለሙያ ትታ ብርድ ውስጥ ምን ትሠራለች?»

ልዘል ምንም አልቀረኝም። አጥር ሥር ያሉት ውሾች እንኳ ደስ ብሏቸው ጅራታቸውን ቆሉ።

«እኔም ብሆን» ብለው ቀጠሉ፣ «ጉልበቴን ያመኛል፤ መረቁ ይጠቅመኛል። ልጁ በራሱ ጥርስ አጥንት እስኪቆረጥም ድረስ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም።»

ይኸውና ልጄ እስካሁን ድድ ብቻ ነው። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ከምሳሩ በፊት የማነሣው እሱን ነው፤ አፉን ከፈት አድርጌ በጣቴ እፈትሻለሁ።