የጋሼ ተክሌ ግስ

የጋሼ ተክሌ እጆች ካኪ ጨርቅ ላይ በጠመኔ ያሰምራሉ፤ አፋቸውም ሥራ አልፈታም። በየገበያው አንድ ሁሉን አዋቂ ሽማግሌ አይጠፋም፤ ለአርብ ገበያ የደረሳት ግን ፈረንሳይኛ አዋቂ ነው። ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ልብስ ሲሰፉ ኖረው፣ ከዚያ ሁሉ ቋንቋ አንዲት ግስ ይዘው ተመለሱ፤ «ፖሴዴ»፣ የራስ ማድረግ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ራስ ምታት አለብኝ፤ ይተዉኝ» ይላቸዋል ጎረቤታቸው፣ ባለሱቁ አብዱረዛቅ።

«ለራስ ምታት ፖሴዴ አይባልም!»

«እኔ መቼ አልኩ?»

«ብትልስ ብዬ ነው። ለቤት ይባላል፤ ለመሬት ይባላል። ሙያውን አጥርቶ ያወቀም ፖሴዴ አደረገው ይባላል። ሰይጣን ሰው ሲይዝም ያው ነው።»

«እርስዎን የያዘዎት የትኛው ነው ታዲያ?»

በስፌት መኪናቸው ፊት የተቀመጠችው የሻረግ ሳቋን በነጠላዋ ትሸፍናለች። የጋሼ ዓይን መርፌ ማየት ከተሳነው ወዲህ እሳቸው ይቆርጣሉ፣ እሷ ትሰፋለች። ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው በዚሁ ነው።

መሬት የሕዝብ ሆነ ተብሎ በታወጀ ሰሞን አብዱረዛቅ «ግስዎ ሥራ ፈታች» ብሎ አፌዘባቸው። የሻረግም አብራ ሳቀች።

ኋላ የሰፊዎች ማኅበር ሲቋቋም፣ ባለቤቱ የማይሰፋበት መኪና ለማኅበሩ ይግባ ተባለ። በስብሰባው ላይ ደሞዝ የሚባለው ጸሐፊ እስክሪብቶውን አነሣ።

«ይኼ መኪና የማን ነው?»

ሰው ሁሉ ግሳቸውን ሊጀምሩ ነው ብሎ በረጅሙ ተነፈሰ። የሻረግ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ልጆቿን ታስባለች።

«የገዛሁት እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ ተክሌ። «ፖሴዴ ያደረገችው ግን እሷ ናት።»

«ኧረ በአማርኛ ይንገሩን!» አለ ደሞዝ።

«የየሻረግ ነው ብለህ ጻፍ።»

ተጻፈ። የሻረግ ልታመሰግናቸው ፈልጋ አፈረች፤ ስንት ቀን ስቃባቸዋለች።

ከዚያ ወዲያ ጋሼ ተክሌ በገዛ በረንዳቸው እንደ እንግዳ ከዳር ይቀመጡ ጀመር። አንድ ቀን «ልጄ፣ ደብተር ግዢልኝ» አሏት። «ግሷን ከነአገባቧ ልጻፍልሽ። እኔ ካለፍኩ ማን ያውቃታል?»

«እሺ ጋሼ፣ ነገ።»

አንዱ ነገ የተማሪ ልብስ ተደራረበባት፤ ሌላው ነገ የገበያ ቀን ሆነ። እንዲህ ስትል ጋሼ ተክሌ በነሐሴ ጭቃ ተቀበሩ። የሻረግ ከዘመድ አብልጣ አለቀሰች፤ ሰው ስለ መኪናው ውለታ መሰለው።

የአብዱረዛቅ ሱቅ ከመኪናዋ ስድስት እርምጃ ነው። ደብተር ሞልቶታል። አልገዛችላቸውም።